«ለበዓል ይድረስልኝ» የምንል ሰዎች የእንዝርቱን ዕዳ እንወቅ

በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከዋሽንግተንና ከሪያድ ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ የሚደወል አንድ ዓይነት ስልክ አለ። ሰላምታው ረጅም ነው። ዝናቡ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ የጎረቤት ሕመምም አይቀርም። ከዚያ ድምፅ ለስለስ ይልና ዋናው ጉዳይ ይመጣል፦ «እትዬ፣ አንዲት ጋቢ ለፋሲካ ብትደርስልኝ?»

የዛሬው ጽሑፌ በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «አንዲት» እንላለን። ጋቢውን በቃል እናሳንሰዋለን፤ ልመናችን ቀላል እንዲመስል። ከዚያ «ለፋሲካ» ብለን ቀን እንቆርጣለን። በመጨረሻ «ብትደርስልኝ» እንላለን፤ ጋቢው በራሱ እግር የሚመጣ ይመስል። በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚፈትል ሰው የለም። የሚያድር ሌሊት የለም። የሚከፈል ዋጋ የለም።

ፖለቲካ ለመከታተል ወደዚህ ቻናል የመጣችሁ «ዛሬ ደግሞ ስለ ጋቢ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ላውራ።

▪️ ሦስት ሳምንት ሰጠኋቸው

ከሠርጌ በኋላ የመጀመሪያው ፋሲካ ነበር። ለአማቴ ባዶ እጄን መግባት አልፈለግሁም። የገበያ ጋቢ ደግሞ ለአማት አይሰጥም፤ «የእናት አገር ፈትል» መሆን አለበት። ብቸና አካባቢ ወዳሉት አክስቴ ደወልሁ። ፋሲካ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«እሺ የኔ ልጅ፤ እግዜር ያውቃል» አሉኝ።

እኔ «እሺ»ን ሰማሁ። «እግዜር ያውቃል» የምትለዋን አልሰማኋትም። የአገሬን ሰው ንግግር ለረሳ ሰው «እግዜር ያውቃል» ጸሎት ይመስለዋል። ሽማግሌ ሲናገረው ግን «አይሆንም» ለማለት አፌ አልደፈረም ማለት ነው።

ጋቢው የደረሰው ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። አማቴ ቤት በዓሉን የገባሁት በገበያ ሻርፕ ነበር። ተናደድሁ። ደውዬም፣ አፍሬ አልተውሁትም፣ «ምነው እትዬ፣ ለፋሲካ አላልሁዎትም?» አልኋቸው።

«አዬ ልጄ፤ እጄ ነው የያዘኝ» ብለው ዝም አሉ።

ሐምሌ ላይ ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ወረድሁ። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አክስቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ይፈትላሉ። አመድ የነካ ጣታቸው እንዝርቱን ሲያሾር አየሁና ለጨዋታ ያህል «ይኸ ደግሞ የማን ነው?» አልኋቸው።

«ያንተው ነው» አሉኝ።

አልገባኝም። ጋቢዬ ከደረሰኝ ሦስት ወር ሆኖታል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የሰጠኋቸው ጊዜ ለማጉ አልበቃም። ሸማኔው ደግሞ ለበዓል የተሰለፈ ሥራ ስላለበት ቶሎ ካልመጣ አልቀበልም ብሏል። እናም አክስቴ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ልቃቂት ተበደሩ። ፋሲካ አልፎ፣ ሰኔ ገብቶ፣ ሐምሌ መጥቶ፣ እሳቸው ገና ዕዳቸውን እየፈተሉ ይከፍሉ ነበር። «የሰው ልቃቂት ይዤ ልሙት እንዴ?» አሉኝ፤ እየሳቁ።

እኔ ለጥጡ ብር ልኬ ነበር። ለሸማኔው ከፍያለሁ። ለመኪና ከፍያለሁ። ጥለቱን ላማረጠልኝ ልጅ ጉርሻ ሰጥቻለሁ። በዚህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ አንድ ጥያቄ አልነበረም፦ ፈትሉስ ስንት ነው?

▪️ ምን እንደምናዝ እንወቅ

ጋቢ ከሸማኔ የሚጀምር የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ሸማኔ ጋ የሚደርሰው ግን የሥራው ትልቁ ክፍል ካለቀ በኋላ ነው።

ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ በብረት መዳመጫ እየተጫነ ፍሬው ይለያል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ አየር ገብቶት ይለሰልሳል። ከዚያ ባዘቶ ይሆናል። ከባዘቶው ላይ በጣት እየተሳበ፣ እንዝርት እየሾረ ክር ይወጣል። ክሩ ቢቀጥን ይበጠሳል፣ ቢወፍር ይጎረብጣል። የወጣው ክር ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔው ድሩን ያደራል፤ ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። ማጉን በቀሰም ጠቅልሎ በመወርወሪያ ያስገባዋል። ጋቢን ጋቢ የሚያደርገው፣ ሙቀቱንና ልስላሴውን የሚሰጠው፣ ያ በእጅ የተፈተለው ማግ ነው። ሸማኔው በእግሩ እየረገጠ በእጁ እየወረወረ በቀናት ሊጨርስ ይችላል። ፈታይዋ ግን ወራት ትፈልጋለች፤ ምክንያቱም የእሷ ሥራ ውኃ ከመቅዳት፣ እንጀራ ከመጋገር፣ ጠላ ከመጥመቅና ልጅ ከማሳደግ በተረፈው ጊዜ የሚሠራ ነው።

አሁን የፋሲካን ቀን እንቁጠር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሰኞ ተይዞ የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ያልቃል። በውስጡ 8 ቅዳሜና 7 እሑድ አለ። ሁለቱን ሰንበታት አጥብቃ ለምትይዝ ሴት 40 ቀን ይቀራታል። ሰሙነ ሕማማት ከሰኞ እስከ ዓርብ የስግደት ጊዜ ነው፤ 35 ሆነ። ከዚህ ላይ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምን፣ ባለወልድን ቀንሱ። ገሚሱ ሰንበት ላይ ቢውል እንኳ ከጾሙ ሁሉ የምትፈትልበት ቀን ከሠላሳ እምብዛም አያልፍም።

እኔ የሰጠሁት ሦስት ሳምንትስ? በዚሁ ስሌት ሰንበቱና ሕማማቱ ሲወጣ 10 ቀን ነው። ከ10ሩ ላይ የታቦቱን ቀን ቀንሱ። ከቀረው ላይ ሸማኔው የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ለአንድ ጋቢ ማግ የቀራቸው የአንድ እጅ ጣት የማይሞላ ቀን ነበር። ታዲያ አክስቴ ከሌሊታቸውና ከጎረቤታቸው በቀር ከየት ያምጡ?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ላይ ግን የቸኮልሁት እኔ ነኝ፤ የለቀሙት እሳቸው ናቸው።

▪️ «የእናት እጅ ዋጋ የለውም»

በበዓል ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያው በአንድ ዓይነት ፎቶ ይሞላል። ነጭ ጋቢ፣ ከሥሩ ደግሞ «የእናቴ ፈትል፤ ዋጋ የለውም» የሚል ጽሑፍ። ይህን ቃል እኔም ጽፌዋለሁ። አሁን ሳስበው በአማርኛችን እንደዚህ እውነቱን የሚያጋልጥ ቃል የለም። ዋጋው ከፍ ከማለቱ የተነሣ አይተመንም ለማለት እንጽፈዋለን፤ በተግባር ግን ዋጋ አልከፈልንበትም። ሁለቱም «ዋጋ የለውም» ነው።

የገበያውን ሰንሰለት ተመልከቱ። ነጋዴው ትርፉን ያውቃል። ሸማኔው፣ ድሀ ቢሆንም፣ በቁርጥ ይዋዋላል። ጥልፍ ሠሪው በዓይነቱ ያስከፍላል። ልብስ ሰፊው ይለካል። ሾፌሩ በዕቃ ያስከፍላል። ሽሮሜዳ ያለው ባለሱቅ ኪራዩንም፣ ግብሩንም፣ የመብራቱንም ጨምሮ ይሸጣል። በዚህ መስመር ላይ «የዘመድ ነው»፣ «የቤት ሥራ ነው»፣ «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ተብላ ያለ ሒሳብ የቀረችው አንዷ ብቻ ናት። እሷም መጀመሪያ ላይ ያለችው ናት፤ ያለሷ ምንም የማይጀመረው።

ይህ የጋቢ ብቻ አይደለም። በኪሮሽ ዳንቴል ለሠርግ የምትሠራ ልጅ፣ ለሚወለድ ሕፃን ሹራብ የምትሠራ አያት፣ ለመስቀል የሚሆን ሌማት በአክርማ የምትሰፋ ጎረቤት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስልክ ይደወልላቸዋል። የሁሉም እጅ «ዋጋ የለውም»።

ብቸናና ሞጣ እኮ የዋዛ አገር አይደሉም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ መሬቴ አይለካም፣ ያልተገባ ግብር አልከፍልም ብሎ የተነሣው የጎጃም ገበሬ ዋና ዋና ቦታዎቹ እነዚህ ናቸው። ያ ገበሬ በጉልበቱ ላይ ያልተስማማበት እጅ ሲያርፍ ዝም አላለም። እኛ የልጅ ልጆቹ ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው ምድጃ ዳር የምትቀመጠውን ሴት ጉልበት በየበዓሉ እየወሰድን «ፍቅር ነው» እንላለን። እሷ ደግሞ አታምፅም። «እግዜር ያውቃል» ትላለች።

▪️ የምትሉኝን አውቃለሁ

«በደስታ ነው የሚያደርጉት፤ አንተ ምን አገባህ?»

እውነት ነው፤ በደስታ ነው። አክስቴ ደስ ብሏቸው ፈተሉ፣ ደስ ብሏቸው ተበደሩ። ደስታቸው ግን ዐይናቸውን አላሳረፈም፤ የጎረቤትን ልቃቂትም አልመለሰም። አንድ ሰው በደስታ ስለሰጠ ተቀባዩ ከመጠየቅ ነፃ አይወጣም። እንዲያውም ሰጪው አፉ «አይሆንም» ለማለት የማይደፍር ከሆነ መጠኑን ማወቅ ያለበት ተቀባዩ ነው።

«ታዲያ ለገዛ አክስቴ ልክፈል? ነውር አይደለም?»

ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ያን ሐምሌ ኪሴ ገብቼ ብር ሳወጣ አክስቴ ፊታቸው ተለወጠ። «ዛሬ ደግሞ ገበያተኛ አደረግኸኝ?» አሉኝ። ብሩን መለስሁት። ለረጅም ጊዜ ይህ መልስ ነገሩን የዘጋው መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እንዲህ አስባለሁ፦ ከዘመድ የምንወስደው ገንዘብ አይደለም፣ ጊዜ ነው። ጊዜን የሚከፍለው ጊዜ ነው። አክስቴ ብሬን ባይፈልጉም ስምንት ወር አስቀድሜ ብነግራቸው ይፈልጉ ነበር። ጥጡ ተነድፎ ቢደርሳቸው ይፈልጉ ነበር። ገሚሱን ማግ ፈትላ ከምታድር ሴት በገንዘብ ገዝቼ ብልክላቸው ያንን አይመልሱም ነበር። ዘመድን ገበያተኛ ማድረግ ነውር ነው። ዘመድን ባለዕዳ ማድረግስ?

«ፈትል ዋጋው ከተጨመረ ሰው የቻይናውን ይገዛል።»

ቀድሞውንም እየገዛ ነው። የጥበብ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ከሞላው ቆይቷል። በዋጋም በፍጥነትም አንበልጠውም፤ ፋብሪካ ሕማማት የለውም። እንዝርት ከፋብሪካ ጋር በፍጥነት ከተወዳደረ የሚሸነፈው ገና ሳይጀመር ነው። የእጅ ፈትል የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ሌላ ነገር መሆኑ። ቀስ ብሎ የተሠራ፣ ሲታጠብ የሚለሰልስና የሚሞላ፣ ለልጅ የሚተርፍ። እኛ ግን ይህን ዕቃ እንደ ፋብሪካ ዕቃ በቀን ቆርጠን እናዝና ሲዘገይ እንቆጣለን። በራሱ ሜዳ የሚያሸንፈውን በባዕድ ሜዳ አሰልፈን እያሸነፍነው ነው።

«አገር እየነደደ ስለ ጋቢ ታወራለህ?»

አዎ፤ በትክክል ስለዚያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ያለውን ታውቁታላችሁ። ከደጀን በብቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ስንቴ እንደተዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ስንት ጊዜ እንደጠፋ የዚህ ቻናል አንባቢ አይጠፋውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ባለቀለም ክር ዋጋው በዶላሩ ይሰላል። መንገድ ሲዘጋ ወንዱ ገበያ አይወጣም፤ ቀን ሥራ አይገኝም። እንዝርት ግን ከቤት ሳይወጣ ይሾራል። ጥጥ ካለ መብራት አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። በክፉ ቀን ሴት በእጇ የያዘችው ብቸኛ ሥራ ዋጋ የሌለው ከሆነ ይህ የባህል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የእንጀራ ጉዳይ ደግሞ ፖለቲካ ነው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ የለም?»

ተብሏል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀስብኝ ይህ ነው። ተረቱ ግን የሚናገረው ለለባሹ ነው፤ ያለህን ደኅና ልብስ በታላቁ ቀን አትደብቅ ይላል። ቀሚሱን በሳምንት አስፈትለህ አስደርስ አይልም። የጥንቷ ሴት የጥምቀት ቀሚሷን ታኅሣሥ ላይ አልጀመረችም። ተረቱን ይዘን ወቅቱን ጣልነው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ኮርተናል። በዚያ ነጭ ባሕር ውስጥ የሚታየውን ነጠላ የፈተለች እጅ ግን በየትኛው መዝገብ ላይ ናት?

▪️ ስድቡ ቀነሰ፣ ክፍያው አልመጣም

አባቶቻችን ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ይሉት ነበር። አንጥረኛውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ። የለበሱትን ልብስ የሠራላቸውን ሰው ከማዕዳቸው ያርቁት ነበር። ነገሩ እጅግ ስለከፋ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ልብስ የሚሠራን ሰው እንዳይሰደብ ለማድረግ የንጉሥ አዋጅ ያስፈለገው አገር ነው።

ዛሬ በአደባባይ የሚሳደብ ቀንሷል። በስድቡ ቦታ የመጣው ግን ሙገሳ ነው። «ጥበበኞቻችን»፣ «የማንነታችን መገለጫ»፣ «ቅርሳችን» እንላቸዋለን። በየበዓሉ መድረክ ላይ ባለሥልጣኑም፣ አርቲስቱም፣ ዲያስፖራውም በጥበብ አጊጦ ይህን ይናገራል። ሙገሳ ከስድብ ይሻላል፤ ግን ሙገሳም ጤፍ አይገዛም። ስድቡ ያቃለላት ሴት ቢያንስ መቃለሏን ታውቅ ነበር። የምትሞገሰዋ ግን ምን እንደጎደላት ለመናገር እንኳ ታፍራለች።

ጥድፊያው የሚወርደው በፈታይዋ ላይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከጋሞ አካባቢ የመጡ ሕፃናት በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ረጅም ሰዓት መሥራታቸው ለዓመታት ሲነገርና ሲጻፍበት የኖረ ጉዳይ ነው። «ለበዓል ይድረስልኝ» የሚለው ቃል ከደንበኛው ወደ ባለሱቁ፣ ከባለሱቁ ወደ ሸማኔው፣ ከሸማኔው ወደ ልጁ ይወርዳል። ቁልቁል በወረደ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚያርፈው «አይሆንም» ማለት በማይችለው ትከሻ ላይ ነው።

▪️ «የእጅ ፈትል» የሚለው ስም የማን ነው?

ሌላም አለ። ዛሬ «የእጅ ፈትል» ተብሎ ከሚሸጠው ምን ያህሉ የእጅ ፈትል እንደሆነ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ማጉም ድሩም የፋብሪካ ክር ሆኖ በእጅ ስለተሸመነ ብቻ «የእጅ ፈትል ነው» ይባላል። ሐሰት ነው። በእጅ የተሸመነ ማለት ሌላ፣ በእጅ የተፈተለ ማለት ሌላ። ይህን ሐሰት የምትከፍለው ፈታይዋ ናት፤ የእሷ ስም በሌላ ዕቃ ላይ እየተሸጠ፣ የእሷ ዕቃ «ውድ ነው» ይባላል።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ያደርገዋል? በስኮትላንድ ደሴቶች የሚሠራ ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፓርላማ ስለዚህ አንድ ጨርቅ ብቻ ሕግ አወጣ። ደሴተኞቹ በገዛ ቤታቸው በእጅ ካልሸመኑት፣ ሱፉ እዚያው ካልተፈተለና ካልተቀለመ፣ ስሙን መጥራት አይቻልም። ክሩ የሚፈተለው በፋብሪካ መሆኑን አይደብቁም። ቁም ነገሩ ምኑ በእጅ፣ ምኑ በመኪና እንደሆነ በግልጽ መጻፉ ነው።

እኛም ብንፈልግ አያቅተንም። ለይርጋጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ቡና ስም ከስታርባክስ ጋር ተከራክረን በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ የደረስን አገር ነን። ለቡናው ስም የቆመ መንግሥት ለፈትሉ ስም ለመቆም ምን ያግደዋል? ብዙ በጀት አይጠይቅም። «ማጉ በእጅ የተፈተለ»፣ «በእጅ የተሸመነ፣ ክሩ የፋብሪካ»፣ «ሙሉ በሙሉ የፋብሪካ» የሚሉ ሦስት ቃላትና የሚዋሸውን የሚቀጣ ሕግ ይበቃል። የባህልና የንግድ መሥሪያ ቤቶች ለበዓል ባዛር ድንኳን መትከል ያውቃሉ። ድንኳኑ ውስጥ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ማስጻፍ ግን አልሞከሩም።

▪️ እስቲ እንዲህ እናድርግ

መንግሥትን ብቻ ወቅሼ ብሄድ ውሸት ይሆንብኛል፤ አክስቴን ባለዕዳ ያደረገው መንግሥት አይደለም። ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁትን ሕግ ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ ለፋሲካ የሚሆን ፈትል በመስከረም ይነገራል። ለጥምቀት የሚሆን ክረምት ሳይገባ። ክረምት ሴቷ ቤት የምትውልበት፣ ምድጃ ዳር የሚፈተልበት ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ ትዝ ካለን ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የሚመጣው በዓል ሳይሆን ቀጣዩ ይሁንልን።

ሁለተኛ፦ ፈትሉ ለብቻው ይተመን፣ ለብቻው ይከፈል፣ ገሚሱ ቅድሚያ ይሰጥ። ከነጋዴ ስትገዙ «ሸማኔው ስንት ወሰደ? ፈታይዋስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው መልሱን አግኝታችኋል።

ሦስተኛ፦ ከዘመድ ከሆነ ጊዜ ስጡ፣ ጥጡን አዘጋጅታችሁ ላኩ። ያነሰውን ማግ ከጎረቤት እናንተ ግዙት እንጂ እሳቸው አይበደሩት።

አራተኛ፦ ማጉ ከፋብሪካ ክር ጋር ከተቀላቀለ ይነገር። አይታፈርበት። የሚታፈርበት መደበቁ ነው።

አምስተኛውና ዋናው፦ ያላለቀ ስጦታ ነውር አይደለም።

እስቲ አስቡት፤ ፋሲካ ሚያዝያ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሶ የሚንቀጠቀጥ አለ? ጋቢ የሚፈለገው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጭጋጉ ሲወርድ፣ ጭቃው ሲበዛ፣ ሽማግሌ ጉልበቱን ሲያመው። ሰኔ ላይ የደረሰ ጋቢ አልዘገየም። በጊዜው ነው የመጣው። የዘገየው ለፎቶው ነው። እኔ ከአማቴ ፊት አፈርሁ ያልሁት አማቴ ስለበረዳቸው አልነበረም፤ እኔ እንዳልታማ ነበር። የአክስቴን ሌሊት የበላው የእኔ ይሉኝታ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ይህን ሞከርሁት። ለአባቴ የታዘዘው ጋቢ ገና ማጉ አላለቀም ነበር። አክስቴ እንደ ልማዳቸው «እንግዲህ ሌሊት ሌሊቱን…» ማለት ሲጀምሩ አስቆምኋቸው። አንዲት ልቃቂት ብቻ እንዲልኩልኝ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ፤ ግን ላኩ። በበዓሉ ቀን፣ ዶሮው ከተበላ በኋላ፣ ልቃቂቷን በአባቴ እጅ አኖርኋትና «ጋቢዎ ይህ ነው፤ እትዬ እየፈተሉት ነው፤ ለክረምት ይደርሳል» አልኋቸው።

አባቴ ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ልቃቂቷን አገላበጧት፣ ክሩን ጫፉን ይዘው ሳብ አደረጉት፣ ወደ ብርሃን አነሡት። «እጇ አሁንም ቀጭን ነው» አሉ። በየዓመቱ ያለቀ ጋቢ ስንሰጣቸው ስለፈተለው እጅ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። ያለቀ ልብስ ሠሪውን ይሸፍናል። ልቃቂቷ ግን እህታቸውን አሳየቻቸው።

ጋቢው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደረሰ። ማንም ልቃቂት አልተበደረም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ሁልጊዜ ድሩን እናወድሳለን። ማጉን ማን ፈተለው ብለን ግን አንጠይቅም። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁን አንሡ፤ ወደ ብቸና፣ ወደ ሞጣ ወይም እንዝርት ወዳለበት ቤት ሁሉ ደውሉ። ሰላምታው ይርዘም፤ ዝናቡም፣ ከብቱም፣ ጎረቤቱም ይጠየቅ። ወደ ጋቢው ስትደርሱ ግን «ለበዓል ይድረስልኝ» አትበሉ። «እትዬ፣ ሲያልቅ ይምጣ፤ እስከዚያ ምን ልላክልዎ?» በሉ።

ቸር እንሰንብት።